ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በረሮ፣ አይጥና የፍሳሽ ሽታ በብሎካችን

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ በረሮ፣ ስለ አይጥና ከሻወር ቤት ስለሚወጣው ሽታ አንድ የተጻፈ ሐሳብ ይዘን መቅረብ አለብን። እስከ ዛሬ ሁሉም በየቤቱ ሲታገል ነው የኖረው። አንዱ ፍሊት ይነፋል፤ በረሮው በቱቦው ዙሪያ ባለው ክፍተት ሾልኮ ጎረቤት ይገባል። ጎረቤት ሲነፋ ተመልሶ ይመጣል። ሁላችንም ብር አውጥተናል፤ ማንም አልተገላገለም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው የሚያደርገው ነገር አያዋጣም። የፍሳሽ መስመሩ፣ ማንሆሉ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የማስተዳደሩን ሥራ ለቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው የሰጠው። ስለዚህ ሥራውም ወጪውም የጋራ ይሁን።

ለመነሻ ይህችን ጽፌያለሁ፦ «ሁሉም ቤት በአንድ ቀን መድኃኒት ይረጭ። ማንሆሉ ይጠረግ። ቆሻሻ ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ይቅር።» የጎደለውን ጨምሩበት። የማትስማሙበት ካለ በግልጽ ተናገሩ። እሑድ ማታ አጠናቅቀዋለሁ።

እማማ፣ ምድር ቤት፦
ልጆቼ፣ መልካም አስባችኋል። ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ ቱቦው ነው። እናንተ ላይ ሆናችሁ የምትደፉት እኔ ጋ ነው የሚወጣው። ትናንት ከሻወሬ ወለል የቡና አተላ ገንፍሎ ወጣ፤ እኔ ቡና አላፈላሁም። የሽንኩርት ልጣጭ ይመጣል። የወጥ ቅባት የረጋበት ፀጉር ይመጣል። ጓንት አድርጌ እሱን ሳላወጣ መታጠብ አልችልም። ከርቤና ዕጣን ከጠዋት እስከ ማታ አጨሳለሁ። ጭሱ ሲያልቅ ሽታው እዚያው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር መሳቀቅ ሰልችቶኛል።

አራተኛ ፎቅ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፦
እማማ ትክክል ናቸው። ከሥራዬ የማውቀውን ልንገራችሁ። በየወለሉ ማፍሰሻና በየሲንኩ ሥር ሲፎን አለ። ሲፎን ያቺ የተጣመመችው ቱቦ ናት። ውስጧ ሁልጊዜ ውኃ መቆም አለበት። ሽታውንም በረሮውንም ወደ ቤት እንዳይገባ የሚያግደው ያ የቆመ ውኃ ብቻ ነው። የኛ ውኃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ብዙዎቻችን በሳፋ ታጥበን የታጠብንበትን ለሽንት ቤት እናውለዋለን። የወለሉ ማፍሰሻ ለቀናት ጠብታ ሳያገኝ ይቆያል። ውኃው ይተናል፣ መንገዱ ይከፈታል። ውኃ ጠፍቶ በሰነበተ ቁጥር ሽታው የሚብሰው ለዚህ ነው።

ዛሬ ማታ ሞክሩት። በየማፍሰሻው አንድ ጆግ ውኃ አፍስሱ። ለብ ያለ የልብስ እጣቢም ቢሆን ይሆናል። ጠዋት ሽታው ከጠፋ ሲፎኑ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ብዙም በማትጠቀሙበት ማፍሰሻ ላይ ከውኃው በኋላ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩበት። ዘይቱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ውኃው ቶሎ አይተንም።

ውኃ ሞልታችሁም ሽታው ከተመለሰ፣ ወይም ከላይ ሽንት ቤት ሲለቀቅ የእናንተ ማፍሰሻ ከተንቦቀቦቀ፣ ችግሩ ጣሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ፍሳሹ የሚተነፍስበት ቱቦ ተደፍኖ ይሆናል። ሮቶ ሲተከል በላስቲክ ተጠቅልሎ የቀረ ቱቦ ብዙ ቦታ አጋጥሞኛል። መስመሩ አየር ሲያጣ ከእናንተ ሲፎን ውስጥ ያለውን ውኃ መጥጦ ይወስደዋል። እባካችሁ «የጣሪያው ቱቦ ይፈተሽ» የሚለው ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ብዙ ወጪ የለውም፤ መሰላልና አንድ ሰው ነው የሚፈልገው።

ጋሼ፣ አንደኛ ፎቅ፦
ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ነገሩን አናካብደው። ገበያ ውስጥ በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጥ ኃይለኛ መድኃኒት አለ። ልጆቹ አንድ ቅዳሜ ቢረጩት ይበቃል። ለቱቦው ደግሞ አሲድ ይደፋበት። እሱ ካልሆነ እንዶድ አለ፤ እናቶቻችን ያውቁበት ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ፣ የጤና ባለሙያ፦
ጋሼ፣ በጣም አከብርዎታለሁ። በዚህ ግን ልስማማ አልችልም፤ ምክንያቴን በዝርዝር ልጻፍ።

በሃይላንድ የተቀዳው መድኃኒት ምን እንደሆነ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ስም የለውም፣ መጠን አልተጻፈበትም፣ ለእርሻ የመጣ ሊሆን ይችላል። ልጅ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲያይ ውኃ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ መመዝገብ አለበት። እኛም ምልክቱና የአጠቃቀም መመሪያው ያልተለጠፈበትን አንቀበልም ማለት አለብን።

ሌላ አንድ ነገር። እህል እንዳይነቅዝ ጎተራ ውስጥ የሚገባውን ክኒን ለአይጥና ለትኋን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ይህ በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዳይደረግ። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ይገድላል። በስንጥቅና በቱቦ ቀዳዳ ጎረቤት ድረስ ይሄዳል። ማርከሻ የለውም። ይህ ብቻውን አንድ አንቀጽ ሆኖ ይጻፍልኝ።

አሲዱንም በተመለከተ፦ ከላይ አንዱ አሲድ ሲደፋ ከታች ሌላው በበረኪና እያጠበ ቢሆንስ? ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጋራ መስመር ላይ ማን ምን እንደደፋ አይታወቅም። ቱቦው በፍሳሽ መኪና ወይም በመጥረጊያ ሽቦ ይጠረግ።

እንዶድን ካነሱ አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ትልቅ ሥራ ነው። የበረሮ መድኃኒት ግን አያደርገውም።

አሁን ስለ በረሮው። እኛ ጋ ያሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። ማታ መብራት ስታበሩ ከሻወር ማፍሰሻ የምትወጣው ትልቋ ቀላ ያለችው ኑሮዋ ፍሳሽ መስመርና ማንሆል ውስጥ ነው። እሷን የሚያቆማት የቧንቧ ባለሙያው የነገረን ነገር ነው። ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ፈዘዝ ያለች ቡናማ ናት፤ ከጭንቅላቷ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር አላት። የፍሪጅ ሞተር ሥር፣ የቁም ሳጥን ማጠፊያ ውስጥ፣ ከምጣድ ኋላ ነው የምትኖረው። ይቺኛዋ ቤት ውስጥ ነው የምትራባው። እንቁላሏን በከረጢት አድርጋ ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ይዛው ትዞራለች። በአንድ ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይኖራል። ፍሊት ከረጢቱ ውስጥ አይዘልቅም። ዛሬ ረጭታችሁ ከሳምንታት በኋላ ትናንሾቹ እንደ አዲስ ፈልተው የሚታዩት በዚህ ነው።

ስለዚህ «ይረጭ» የሚለው ይቀየርና ጄል ይባል። በሲሪንጅ የሚመጣ ማባበያ ነው። በምስር ፍሬ ልክ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ማጠፊያዎች፣ ፍሪጅ ኋላና ሲንክ ሥር ታስቀምጣላችሁ። በረሮዋ በልታ ጎሬዋ ገብታ ትሞታለች፤ ሌሎቹም ከሬሳዋና ከኩሷ እየበሉ ይሞታሉ። ጄል ባለበት ቦታ ላይ ፍሊት መንፋት የለም፤ ማባበያውን እንዳይነኩት ያደርጋቸዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ይደገማል።

ጋሼ፣ አንደኛ ፎቅ፦
ልጄ፣ ተመርቂ። የክኒኑን ነገር አላውቅም ነበር። ሐሳቤን አንስቻለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ተከራይ፦
እኔ ደግሞ ጄሉን የምደግፍበት የራሴ ምክንያት አለኝ። ልጄ አስም አለባት። ኮሪደር ላይ ፍሊት በተነፋ ቁጥር ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ሐኪሟ የበረሮው ብናኝና ኩስም እንደሚያስነሳባት ነግራኛለች። ዝም ብለን ብንተወውም፣ ብንነፋም የምትጎዳው እሷ ናት።

ጥያቄ አለኝ። መዋጮው በማን ላይ ነው? አከራዬ ውጭ አገር ናቸው። እዚህ ብሎክ ላይ እንደኔ ዓይነት ተከራይ ብዙ ነው። የማንሆል ማስጠረጊያ ክፈሉ ብትሉን የማንቆይበትን ቤት እየጠገንን ነው። አትክፈሉ ብትሉን ደግሞ አንዳንዱ ቤት ሳይሠራ ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እንዲህ እንከፋፍለው እላለሁ። ማንሆል፣ ዋናው መስመር፣ የጣሪያ ቱቦ፣ የደረጃ ሥር ቀዳዳ መድፈን፦ ይህ ሁሉ የሕንፃው ስለሆነ የቤቱ ባለቤት ይክፈል፤ ውጭ አገር ላሉት እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ጄሉን በጅምላ ማኅበሩ ይግዛ። ለየቤቱ የሚደርሰውን ሒሳብ የሚኖርበት ሰው ይክፈል። አቅም ለሌለው ከማኅበሩ መጠባበቂያ ይሸፈን፤ ስሙም አይነሳ። አንድ ቤት በብር ምክንያት ከቀረ የሌሎቻችን ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ከሦስት ቦታ ዋጋ እንጠይቃለን። የፍሳሽ መኪናውን አንደኛ ከአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ሌሎቹን ከግል።

አራተኛ ፎቅ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፦
ጊዜውን አስቡበት። ክረምት ከመግባቱ በፊት መሆን አለበት። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ማንሆል ውስጥ ይገባል፤ በረሮውም አይጡም ሽሽት ወደ ላይ ይወጣል።

ምድር ቤት፣ የልጆቹ ተወካይ፦
ስለ አይጡ እኛ ወጣቶቹ የደረጃውን ሥር ዞረን አይተናል። ቆጣሪው ሳጥን አጠገብ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው በቅባት ጠቁሯል። አይጥ ሲመላለስበት ነው እንደዚያ የሚሆነው። ትንሿ አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባላት ቀዳዳ ታልፋለች። በወረቀትና በፎም ብንደፍነው ትበላዋለች። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያ ጠቅጥቀን በሲሚንቶ እንለስነዋለን። ጉልበቱ ከእኛ፣ ሲሚንቶው ከማኅበሩ።

ግን የቆሻሻ ማዳበሪያው ከደረጃው ካልተነሳ ዋጋ የለውም። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሚመጡበት ቀን ይታወቃል። በዚያ ቀን ጠዋት ብቻ ይውጣ። ሌላ ቀን ክዳን ባለው ባልዲ ቤት ውስጥ ይቆይ። የምግብ ትርፍራፊው ለብቻው ቢታሰርማ ሽታው ይቀንሳል።

ስሜን ሳልጠራ የምጽፍ፦
ይህን ለሰብሳቢው በግል ልኬው ነው እዚህ የተለጠፈው። እኛ ቤት ትኋን ገብቷል። ያገለገለ አልጋ ገዝተን ነው። ለማንም መናገር አልቻልኩም። ልጆቼን ሰው ቤት መላክ አቁሜያለሁ። ይህ ሐሳባችሁ ውስጥ ቦታ ይኖረው ይሆን?

ሁለተኛ ፎቅ፣ የጤና ባለሙያ፦
ወዳጄ፣ እንኳን ተናገርክ፣ ወይም ተናገርሽ። ትኋን የሚፈልገው ደም ነው፤ ንጹሕ ቤትም ይገባል። ሆቴልም፣ አውቶቡስም፣ ሻንጣም ያመጣዋል። ሦስት ነገር ብቻ ልበል። ፍራሹን ኮሪደር ላይ እንዳታወጡት፤ ለሁሉም ይዳረሳል። አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም። የአልጋው መጋጠሚያ ተፈታትቶ የፈላ ውኃ ይደረግበት፤ እንቁላሉ የሚጣበቀው እዚያ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ የቀረ እንቁላል ካለ እስከዚያ ይፈለፈላል። ሳይበላ ለወራት ስለሚቆይ አልጋ ቀይሮ መተኛት አያጠፋውም። ማታ በሬን አንኳኩ፤ አብረን እንሠራዋለን።

ለረቂቁ ደግሞ፦ የትኋን ጉዳይ በስብሰባ እንዳይነሳ። ያጋጠመው ሰው ለአንድ ለተመረጠ ሰው ብቻ ይንገር፤ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ያሉት ቤቶች ያለ ወሬ ይፈተሹ።

ሰብሳቢ፦
ሁሉንም አንብቤ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ።

«የብሎኩ ነዋሪዎች የሚከተለውን ለጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። ከክረምት በፊት በመጀመሪያ ማንሆሉና ዋናው የፍሳሽ መስመር በፍሳሽ መኪና ይጠረጋል፤ የጣሪያው አየር ማስወጫ ቱቦዎች ይፈተሻሉ፤ የተሰበሩ የማንሆል ክዳኖች ይቀየራሉ። ወጪው የቤት ባለቤቶች ነው። ይህ ካለቀ በኋላ በአንድ ቅዳሜ በሁሉም ቤት የበረሮ ጄል ይቀመጣል፤ በአራተኛው ሳምንት ይደገማል። በእነዚህ ሳምንታት ማንም ፍሊት አይነፋም። የቡና አተላ፣ ቅባትና የምግብ ትርፍራፊ ወደ ሲንክም ወደ ሽንት ቤትም አይደፋም። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንዴ በየማፍሰሻው ውኃ ያፈሳል። ምልክት የሌለው መድኃኒትና የእህል ክኒን ወደ ሕንፃው ማስገባት ክልክል ነው። ቆሻሻ የሚወጣው በሚሰበሰብበት ቀን ጠዋት ብቻ ነው። የትኋን ጉዳይ በምስጢር ይያዛል።»

እማማ፣ ምድር ቤት፦
የቡና አተላውን በመጻፍህ ተባረክ። አንድ ነገር ጨምርልኝ። ቅዳሜው የፋሲካ ዋዜማ እንዳይሆን። ሁሉ ሰው ዶሮ ሲገነጥል ማን ፍሪጅ ያንቀሳቅሳል?

ሦስተኛ ፎቅ፣ ተከራይ፦
እኔም አንድ ልጨምር። በዕለቱ ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ካለ ቁልፉን ለሰብሳቢው ይስጥ። የተዘጉት ሁለቱ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ከአሁኑ ይጠየቁ። ማፍሰሻቸው ደርቆ የሚሸተው እኛ ጋ ነው።

ሰብሳቢ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ቀኑ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ያለው ቅዳሜ ይሁን። የተዘጉትን ቤቶች ባለቤቶች ነገ እደውልላቸዋለሁ። የሚቃወም ካለ እስከ ነገ ማታ ይጻፍ፤ ከሌለ አትሜ ለፊርማ በየበሩ አዞራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
የፍሳሽ መኪናውን ዋጋ ሰኞ ጠይቄ እዚሁ እለጥፋለሁ።

ጋሼ፣ አንደኛ ፎቅ፦
የጣሪያው ቁልፍ እኔ ጋ ነው። የቧንቧ ባለሙያው በፈለገው ሰዓት ያንኳኳ። መሰላሉንም እኔ እይዝለታለሁ።