ሁለት ቻርጅ ያለው አዲስ ፀረ-ጀርም ውህድ፣ ኪውኤሲ-ኤ ያለበት ባክቴሪያ ላይ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ ሁለት አሞኒየም (አዎንታዊ ቻርጅ ያለው የናይትሮጅን ክፍል) ያለው፣ ጅራቶቹ 12 ካርቦን የሆኑ ውህድ እየፈተንን ነው። ተራው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በሊትር 1 ሚሊግራም ሲደርስ እድገቱ ይቆማል፤ የኪውኤሲ-ኤ (ፀረ-ጀርም ውህዶችን ከህዋሱ የሚያስወጣ ፓምፕ) ጂን የተሸከመው ግን 8 ይፈልጋል። በ5 ደቂቃው የመግደል ፈተና ደግሞ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ይሞታሉ። የትኛውን ውጤት እንመን?

መልስ 1፦ ቻርጅ መጨመር ብቻውን ከዚህ ፓምፕ አያስመልጥም። ኪውኤሲ-ኤ በአሚኖ አሲድ ሰንሰለቱ 323ኛ ቦታ አስፓርቲክ አሲድ ስላለው ባለሁለት ቻርጆቹንም ያስወጣል። ተመሳሳዩ ፓምፕ ኪውኤሲ-ቢ ግን እዚያው ላይ አላኒን ስላለው በዋናነት ባለአንድ ቻርጆቹን ነው የሚገፋው። ስለዚህ ሦስት ባክቴሪያ አሰልፉ፦ ባዶ ፕላዝሚድ (የፓምፕ ጂን የሌለበት ጂን ተሸካሚ ክብ ዲኤንኤ)፣ ኪውኤሲ-ኤ፣ ኪውኤሲ-ቢ፤ የተቀረው ዘራቸው አንድ ይሁን። ኪውኤሲ-ቢ ላይ ወደ 1 ከወረደ ፓምፑ የሚይዘው ሁለተኛውን ቻርጅ ነው ማለት ነው። ቀጣዩ ሙከራ የሁለቱን ቻርጆች ርቀት መቀያየር ወይም በናይትሮጅን ፈንታ ፎስፎረስ ማስገባት ይሁን።

መልስ 2፦ እኔን ያሳሰበኝ የመግደል ፈተናው ነው። ማርከሻ (ሰዓቱ ሲደርስ የውህዱን ሥራ የሚያቆም ፈሳሽ) ተጠቅማችኋል? ካልተጠቀማችሁ ውህዱ ከናሙናው ጋር ወደ አጋሩ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ዝልግልግ ምግብ) ይሻገርና ያልሞተውንም እንዳይበቅል ያግደዋል፤ እናንተ ግን «ሞተ» ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። 8 ሚሊ ሊትር ውህድ (በ1.25 እጥፍ ጥንካሬ)፣ 1 ሚሊ ሊትር አልቡሚን (ቆሻሻን የሚተካ ፕሮቲን)፣ 1 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያ ቀላቅሉ። ሰዓቱ ሲደርስ 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በሊትር 3 ግራም ሌሲቲንና 30 ግራም ፖሊሶርቤት 80 ያለበት 9 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ጨምሩ። ማርከሻው ራሱ ባክቴሪያውን እንደማይጎዳ፣ ውህዱንም በትክክል እንደሚያከሽፍ በተለየ ቱቦ አረጋግጡ። ይህ ቁጥጥር ከሌለ የ5 ሎግ ቅነሳ (ባክቴሪያውን በመቶ ሺህ እጥፍ መቀነስ) የሚባለው ቁጥር ዋጋ የለውም።

መልስ 3፦ በመጀመሪያውም ልኬት (እድገት የሚያቆመው መጠን) ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ካታዮናዊ (አዎንታዊ ቻርጅ ያላቸው) ውህዶች ፖሊስታይሪን የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይለጠፋሉ፤ ዝቅ ባለ መጠን ላይ ጉዳቱ ይብሳል። በሌላው ፕላስቲክ፣ በፖሊፕሮፒሊን ድገሙት፤ መነሻው በሚሊ ሊትር 5 መቶ ሺህ ህዋስ ይሁን። ከዚያ ገቺውን (እድገት የሚያቆመውን) መጠን ግማሽ አድርጋችሁ ባክቴሪያውን በየቀኑ 20 ቀን እያሻገራችሁ አሳድጉ። ገቺው መጠን 4 እጥፍ ከዘለለ ጂኖሙን አስነብቡ። የቀይ ደም ህዋስ መፍረስንም አሁኑኑ ለኩ፤ ጅራት ማርዘም ባክቴሪያውንም የእኛንም ህዋስ ሽፋን ይቀዳልና።

ጠያቂ፦ ማርከሻ አልነበረም። ቲዮሰልፌትስ እንጨምር?

መልስ 2፦ ለአሞኒየም አይጠቅምም፤ እሱ የሚያከሽፈው ክሎሪንና አዮዲንን ነው። ሌሲቲኑን ግን ከፖሊሶርቤቱ ጋር በሙቀት አሟሙት፤ ካልሟሟ ከታች ይዘቅጥና ማርከሻችሁ ግማሽ ይሆናል።