ስላይዱ ፋይብሮሲስ ያሳያል፣ የኮላጅን ጂን ግን ከፍ አላለም፤ የባዝራ ማህፀን ባዮፕሲ

ጥያቄ

ሰላም ለተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። የማስተርስ ጥናቴ በኢንዶሜትሮሲስ፣ ማለትም በባዝራ ማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ላይ በሚከሰተው ሥር የሰደደ ፋይብሮሲስ (የጠባሳ ክሮች ክምችት) ላይ ነው። እያንዳንዱን ባዮፕሲ ከፍዬ አንዱን ወገን የማህፀን ሽፋንን ጉዳት ከ1ኛ (ጤናማ) እስከ 3ኛ (በጣም የተጎዳ) በሚመድበው የኬኒና ዶይግ መለኪያ መደብኩት፤ ከሌላው አርኤንኤ አውጥቼ የጂኖቹን የሥራ መጠን በሪል ታይም ፒሲአር ለካሁ። በማሰን ትራይክሮም የተቀለሙት የ2ቢ እና የ3ኛው ምድብ ስላይዶች እጢዎቹ በሰማያዊ የኮላጅን (ጠባሳውን የሚሠራው የክር ፕሮቲን) ድርብርብ መከበባቸውን በግልጽ ያሳያሉ። ሆኖም ኮል1ኤ1 የተባለው የኮላጅን ጂን በ3ኛው ምድብ ከ1ኛው እምብዛም አልተለየም፤ በአንዳንድ ባዝራዎች እንዲያውም ዝቅ ብሏል። ናሙናዎቹ በድራት ላይ ካሉም ከድራት ውጭ ካሉም ባዝራዎች የተወሰዱ ናቸው። ይህን ልዩነት እንዴት ልተርጉመው?

መልስ፣ ከፓቶሎጂ ባለሙያ

ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ አይመስለኝም። ስላይዱ የሚያሳየው ለዓመታት የተከማቸውን ነው፤ ኤምአርኤንኤ (ከጂን ተቀድቶ ፕሮቲን የሚሠራበት መልእክት) ግን ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት ሕዋሳቱ ምን ለማምረት እየተዘጋጁ እንደነበር ብቻ ይናገራል። የኮላጅን ክሮች በሊሲል ኦክሲዴዝ አማካይነት እርስ በርስ ከተሳሰሩ በኋላ በቀላሉ ስለማይፈርሱ፣ ያመረቷቸው ሕዋሳት ሥራቸውን ካቆሙ ከረጅም ጊዜ በኋላም በእጢው ዙሪያ ይቆያሉ። ስለዚህ ያረጀ ጠባሳ ያለባት ባዝራ ዝቅተኛ ኮል1ኤ1 ማሳየቷ አያስገርምም።

የኬኒ ምድብ የተዘጋጀው ባዝራዋ ውርንጭላ የመውለድ ዕድሏን ለመገመት ነው፤ ለ1ኛው ምድብ ከ80 እስከ 90 በመቶ፣ ለ3ኛው ከ10 በመቶ በታች ይሰጣል። ይህን ሲያደርግ ፋይብሮሲስን ብቻ ሳይሆን እብጠትን፣ የሊምፍ መስፋትንና ባዝራዋ ሳትወልድ የቆየችባቸውን ዓመታት ጭምር ይመለከታል። ለጂን ጥናት ይበልጥ የሚጠቅመው የጀርመን ፓቶሎጂስቶች ያዳበሩት አከፋፈል ነው፤ ፋይብሮሲሱን ንቁ ወይም ንቁ ያልሆነ፣ እንዲሁም እጢውን የሚያፈርስ ወይም የማያፈርስ ብሎ ይለያል። ስላይዶቹን እንደገና ይመልከቱ፦ በእጢው ዙሪያ ያሉት የስትሮማ (የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ) ሕዋሳት ኒውክለስ ሞላላና ፈዛዛ ከሆነ ንቁ፣ ቀጭንና ጠቆር ያለ ከሆነ ንቁ ያልሆነ ነው። ውጤትዎን በዚህ ቢከፋፍሉት ሥርዓት ይይዝ ይሆናል።

መልስ፣ ከሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም የድራት ዑደቱ ከሁሉ በፊት መለየት አለበት። የኢስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞኖች በየተራ በሚያይሉባቸው ጊዜያት የሚገለጹት ጂኖች በጣም ስለሚለያዩ ሁለቱን ቀላቅሎ ማወዳደር የበሽታውን ምልክት ይሸፍነዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በፋይብሮሲሱ ውስጥ የተከበቡት ሕዋሳት የሆርሞን ተቀባይ መጠናቸው ተለውጦ ከተቀረው ማህፀን ጋር እኩል አለመራመዳቸው ነው። እርስዎ ደግሞ የፈጩት ኤፒተሊየሙን (የላይኛውን የሕዋስ ሽፋን)፣ ጤናማውን ስትሮማና ጠባሳውን በአንድነት ነው፤ ጥቂት ማዮፋይብሮብላስቶች (ኮላጅን የሚያመርቱ ሕዋሳት) የሚያሰሙት ድምፅ በዚያ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

በአንድ ጂን ላይ ባይመሠረቱም ይመረጣል። ሌላውን የኮላጅን ጂን ኮል3ኤ1ን፣ የማዮፋይብሮብላስት መለያ የሆነውን አልፋ ስሙዝ መስል አክቲንን፣ ኮላጅን የሚያፈርሱትን ኤምኤምፒ2 እና ኤምኤምፒ9ን፣ ከነሱም ጋር ገቺዎቻቸውን ቲምፖችን ይለኩ። ፋይብሮሲስን የሚያነሳሳውን ፕሮቲን ቲጂኤፍ ቤታ 1ን ግን በጥንቃቄ ያንብቡት። ፕሮቲኑ ከሕዋስ የሚወጣው ታስሮ ሲሆን ሥራ የሚጀምረው ውጭ ሲፈታ ስለሆነ፣ የኤምአርኤንኤው መጠን ብቻውን ስለ ሥራው ብዙ አይናገርም። በፖላንድና በፖርቱጋል በተካሄዱ ሙከራዎች ደግሞ ከኒውትሮፊል (ከነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት) የሚወጡት ኢላስቴዝና ካቴፕሲን ጂ የተባሉ ኢንዛይሞች የባዝራ ማህፀን ቁራጭ ኮላጅን እንዲጨምር ማድረጋቸውና ምላሹም በዑደቱ ደረጃ መለያየቱ ታይቷል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ናሙናዎቹን በዑደትና በንቁነት ለይቼ እንደገና እተነትናለሁ። ለመሆኑ እንዲህ ያለው የጂን ልኬት ለአርቢ ምክር ለመስጠት ይጠቅማል?

መልስ፣ ከፈረስ ሐኪም

ለጊዜው ምክሬ በስላይዱ ላይ የተመሠረተ ነው። የተፈጠረውን ፋይብሮሲስ ወደ ኋላ እንደሚመልስ የተረጋገጠ ሕክምና ስለሌለ፣ ኮል1ኤ1 ከፍ ማለቱን ባውቅ እንኳ የማዘው መድኃኒት አይለወጥም። እብጠት ካለ አክማለሁ፤ ማህፀኗ ለመሸከም የማይበቃ ባዝራ ሽሏ ወደ ሌላ ባዝራ እንዲዛወር እመክራለሁ። የቶሮብሬድ (የእሽቅድምድም ፈረስ) ዝርያ መዝገብ ግን የሽል ዝውውርን ስለማይቀበል፣ ለነዚያ ባዝራዎች ባለቤቶች ይህም መንገድ ዝግ ነው።