በቤት ውስጥ ለቀረጻና ለሚክስ የሚሆን ሄድፎን እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በመኝታ ክፍሌ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ማይክና ማይኩንና ሄድፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኝ አነስተኛ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ሙዚቃ እሠራለሁ። ድምፅ የምቀርጸውም፣ የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኜ ሚክስ የማደርገውም ራሴ ስሆን፣ ጊዜ የማገኘው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ በመሆኑ ስፒከር ከፍቼ መሥራት አይሆንልኝም። እስካሁን የሠራሁት ሙዚቃ ለማድመጥ ብቻ በገዛሁት፣ ቤዙ ጎላ ተደርጎ በተሠራ ሄድፎን ነው። በእሱ ጨርሼ ደስ ያለኝን ዘፈን መኪና ውስጥ ስከፍተው ቤዙ ከናካቴው የለም፤ ድምፄም ከሙዚቃው ተነጥሎ ለብቻው ይጮኻል። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ሄድፎን የሠራሁት ሌላ ዘፈን በተቃራኒው ቤዝ በዝቶበት መውጣቱ ነው።

አሁን ለሥራ የሚሆን ሄድፎን ለመግዛት ወስኛለሁ። ክፍት የሚባለው ይሻለኛል ወይስ ዝግ? አንድ ሞዴል በ32፣ በ80 እና በ250 ኦህም ሲቀርብ የትኛውን መምረጥ ይገባል? ገመድ አልባውስ ለዚህ ሥራ ይሆናል? መነጽር የማደርግ በመሆኔ ለረጅም ሰዓት ሲደረግ የማይጫን ቢሆን እመርጣለሁ። ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። በመኪናው ውስጥ የሰሙት ነገር የችሎታ ማነስ እንዳልሆነ በቅድሚያ ልነግርዎ እወዳለሁ። ሄድፎኑ ከራሱ ቤዝ ሲጨምር ጆሮ በቂ ቤዝ እንዳለ ይቆጥራል፣ እጅም ይቀንሳል፤ ዘፈኑ ያንን ጭማሪ ወደማያደርግ ስፒከር ሲሄድ ጉድለቱ ይገለጣል። በላይኛው ድምፅም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ላይኛውን ድምፅ አጉልቶ የሚያሰማ በመሆኑ፣ ያልለመደው ሰው ሲምባሉንና በግጥሙ ውስጥ ያሉትን የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆች ከልክ በላይ ይቀንስና ዘፈኑ ደብዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ለሥራ የሚመረጠው ሲያደምጡት የሚያስደስተው ሳይሆን፣ በተቻለ መጠን ከራሱ የማይጨምረውና የማይቀንሰው ነው።

ክፍት የሚባለው ሄድፎን ጀርባው ወንፊት መሰል ስለሆነ አየር ያስገባል፤ ድምፁ በጆሮ ዙሪያ ታፍኖ አይንገዋለልም፣ ጆሮንም ቶሎ አያደክምም። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ከ1997 ጀምሮ ለሚክስ ሲያገለግል የቆየው በተለይ የሰው ድምፅ የሚገኝበትን መካከለኛውን ክልል በታማኝነት ስለሚያሰማ ነው። ሆኖም ክፍት ሄድፎን ድምፅን ወደ ውጭም ያፈሳል። እኔ በአንድ ወቅት በክፍት ሄድፎን ድምፅ ቀርጬ፣ ሙዚቃው ጋብ በሚልበት ቦታ ላይ ከዘፋኟ ትንፋሽ ሥር «ቲክ፣ ቲክ» የሚል የሜትሮኖም (ለዘፋኟ ምት የሚቆጥርላት መሣሪያ) ድምፅ አገኘሁ። ስንቀርጽ ማንም አልሰማውም ነበር፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠብ ኮምፕረሰር ሳስገባበት ግን ዝቅተኛው ድምፅ ሁሉ ከፍ አለና ሜትሮኖሙ ከትንፋሿ እኩል ወጣ። ያንን ክፍል እንደገና ከመቅረጽ በቀር ሌላ መፍትሔ አልነበረውም።

እርስዎ በአንዱ ሄድፎን ሁለቱንም ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ጀርባው የተደፈነውን፣ ማለትም ዝግ የሆነውን ይምረጡ። ሶኒ ኤምዲአር 7506፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስና ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በዚህ በኩል በስፋት የሚታወቁ ናቸው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ ስላላቸው ግን መልመድ ይጠይቃሉ። እንደ ኤኬጂ ኬ 240 ያለው ከፊል ክፍት በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ ማይክ ያፈሳል። ሁለት መግዛት ከተቻለ ግን ዝጉን ለቀረጻ፣ ክፍቱን ለሚክስ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል።

መልስ 2

ስለ ኦህሙ ላክልበት። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ብዙ ሰው 250 የሚለውን ሲያይ ከ32 የበለጠ ጥሩ ይመስለዋል። የሚነግረን ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ ነው። የተለያየ ኦህም ያላቸው ሁለት ሄድፎኖች እኩል ኃይል እንዲያገኙ ከተፈለገ፣ 250 ኦህም ያለው 32 ኦህም ካለው ወደ 2.8 እጥፍ የሚጠጋ ቮልቴጅ ያስፈልገዋል። አነስተኛ ኢንተርፌስ፣ በተለይም ኃይሉን ከዩኤስቢ ብቻ የሚያገኘው፣ ይህን ቮልቴጅ ላይሰጥ ይችላል፤ ያኔ የድምፅ መጠኑ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ድምፁ አነስተኛ ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል የኢንተርፌሱ የሄድፎን መውጫ ራሱ ተቃውሞ አለው፤ ይህ ተቃውሞ ከሄድፎኑ ኦህም አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ የአንዳንድ ሄድፎኖች ቤዝ ከታሰበው በላይ ሊያብጥ ይችላል። ለእርስዎ ሁኔታ 80 ኦህም የሚያስማማ ይመስለኛል። ከኦህሙ ጎን የሚጻፈውን፣ ሄድፎኑ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚያሰማ የሚያሳየውን የዴሲቤል ቁጥርም ይመልከቱ፤ ነገር ግን አንዱ አምራች በሚሊዋት ሌላው በቮልት ለክቶ ሊጽፈው ስለሚችል፣ ሁለቱን እንዳለ አያወዳድሩ።

ብሉቱዝ ለቀረጻ ፈጽሞ አይሆንም። ድምፁ ታሽጎ ተልኮ እስኪፈታ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያል፤ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ዘግይቶ ከሰማ ደግሞ ምቱን ይስታል። ገመድ ማሰካት የሚቻል ቢሆን እንኳ፣ አንዳንዶቹ ድምፁን በውስጣቸው እያስተካከሉ ስለሚያሰሙ ለሚክስ አላምናቸውም።

መልስ 3

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የትኛውም ሄድፎን ቢገዛ ሊያሳይ የማይችለው ነገር እንዳለ ካልተነገረ ምክሩ ጎደሎ ይሆናል። ስፒከር ስንሰማ የግራው ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሯችንም ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን ጥቂት ዘግይቶና ጭንቅላታችን ከልሎት ነው። በሄድፎን ይህ መደባለቅ የለም። በዚህ ምክንያት ወደ ግራና ቀኝ የተበተኑ መሣሪያዎች ከሚገባው በላይ የተራራቁ ይመስላሉ፤ መሐል ላይ ያለው ድምፅም በጭንቅላታችን ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይሰማል። የሪቨርብንም (ድምፅ በክፍል ውስጥ እያስተጋባ እንዲሰማ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ልክ መወሰን ያስቸግራል፤ በሄድፎን ጥርት ብሎ የተሰማው የሪቨርብ ጭራ በክፍል ውስጥ ስፒከር ላይ ሊጠፋ ይችላል። መሐሉን ለመፈተን ሚክሱን ለጥቂት ደቂቃ በሞኖ፣ ማለትም የግራውና የቀኙ ድምፅ ወደ አንድ ተደባልቆ፣ ያድምጡት፤ በስቴሪዮ ሰፊ የነበረው ጊታር በሞኖ ከጠፋ፣ የግራውና የቀኙ ሞገድ እርስ በርሱ እየተጣፋ ነው ማለት ነው።

ይህን ስል ስፒከር ሁልጊዜ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ወርዱ 3.4 ሜትር የሆነ ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል በ50 ሄርዝ አካባቢ፣ ማለትም በወፍራሙ ቤዝ ላይ፣ ራሱ ይርገበገባል፤ አንድ እርምጃ ሲንቀሳቀሱ ቤዙ ይጨምራል ወይም ይጠፋል። በትንሽ መኝታ ክፍል ውስጥ ቤዝን በሄድፎን መመዘን የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሄድፎን ክፍሉን አያውቀውም።

የድምፅ መጠኑንም ነገር አደራ እላለሁ። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ዝቅ ብሎ በሚሰማ ድምፅ ውስጥ ቤዝን በደንብ አይሰማም፤ ድምፁ ከፍ ሲል ደግሞ ቤዙ የተስተካከለ ይመስለዋል። ስለዚህ በሥራው መሐል ድምፁን እየጨመሩ መሄድ ሚክሱን ሳይነኩ ፍርድዎን ይለውጠዋል። አንድ መጠን ላይ ምልክት አድርገው እዚያው ይቆዩ፤ የሚወዱትንና በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን በእኩል መጠን ከሚክስዎ ጋር እያፈራረቁ ያድምጡ። ጤናን በተመለከተ፣ ለሥራ ቦታ የሚታሰበው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ሌሊት ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ እስከዚያ የሚያደርስ ምክንያት የለም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ መነጽር እንደሚያደርጉ ጽፈዋል። ሁለቱን ዘፈኖች ሲሠሩ መነጽሩ ነበር? የ50 ሄርዝ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይክፈቱና ጆሮው ላይ ያለውን ትራስ በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ቤዙ ከጨመረ ትራሱ በደንብ አልገጠመም፤ የመነጽሩ እጀታ ክፍተት ፈጥሮ ቤዙን እያስወጣው ነው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሙከራውን አሁን አድርጌው መጣሁ። መነጽሬን አድርጌ ስሰማ የ50 ሄርዙ ድምፅ ከሩቅ ክፍል የሚመጣ ይመስላል፤ ትራሱን ስጫነው ግን ከጆሮዬ ሥር ይነሳል። መነጽሩን ሳወልቀው ደግሞ ትራሱን ባልጫነውም እንዲሁ ከጆሮዬ ሥር ይነሳል። መለስ ብዬ ሳስብ፣ ቤዝ የጎደለበትን ዘፈን የሠራሁት ኮምፒውተሩን ቀረብ አድርጌ ያለ መነጽር ነበር። ቤዝ የበዛበትን ደግሞ ሙሉ ሌሊት መነጽር አድርጌ ነው የጨረስኩት። ለካ አንዱ ሄድፎን ሁለት ሆኖ ነበር የሰማሁበት።

መልስ 3

እንግዲያው ምርጫውን በዚህ ይጀምሩ። ዝግ ሄድፎን ሲሆን ይህ ክፍተት ጉዳቱ ይብሳል፤ ስለዚህ ጠንካራ ቆዳ መሰል ትራስ ካለው ይልቅ፣ እንደ ዲቲ 770 ፕሮ ለስላሳና ከፋይ መሰል ጨርቅ የለበሰ፣ ጆሮውን ሙሉ በሙሉ የሚከብ ትራስ ያለው ይሻልዎታል፤ በእጀታው ዙሪያ ጎብጦ ይቀመጣልና። ከመግዛትዎ በፊት መነጽርዎን አድርገው ያንኑ ሙከራ ይድገሙት፤ ትራሱ ሲያረጅና ሲሳሳ ድምፁም አብሮ ስለሚለወጥ፣ መለዋወጫ ትራስ የሚገኝለት መሆኑንም ያረጋግጡ። ቤዝ የበዛበትን ዘፈን ደግሞ አዲሱ ሄድፎን እስኪመጣ ድረስ አይንኩት።