ጓደኞቼን ሳይክል እንዴት ላስጀምራቸው? (ጎንደር)

የማራኪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ ዓመት ሆነኝ። ማለዳ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ከማራኪ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስወርድ ነፋሱ ዓይኔን ያስነባዋል፤ እኔ ግን ብቻዬን እስቃለሁ። ሦስት ጓደኞቼም ይህን እንዲያዩት ፈለግኩ። አንዷ "ሰው ምን ይለኛል" ትላለች። ሌላዋ በ30 ዓመቷ ስትወድቅ መታየት ታፍራለች። የሦስተኛዋን እናቷ "ማህፀን ይጎዳል" ብለው ከለከሏት። ያለችን ሳይክል አንዲት ናት። ከየት ልጀምር?

ሳይክል ጠጋኙ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ፔዳሎቹን ፍቺ። የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ይፈታል፤ የግራው ግን በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ታግሎ የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል። ከዚያ ኮርቻውን ዝቅ አድርጊው፤ ጓደኛሽ ስትቀመጥ ሁለቱም እግሯ መሬት ይርገጥ። ሜዳ ላይ መሬቱን በእግሯ እየገፋች ትንሸራተት። ሁለቱንም እግሯን አንስታ ጥቂት ሜትር መሄድ ስትችል ፔዳሉን መልሽላት። ኮርቻ ይዞ ከኋላ መሮጡን ተይው፤ ስትለቂያት ትደነግጣለች።

የአዘዞዋ፦ የሰው ዓይን ነገር እውነት ነው። ብቻዬን ስወጣ ይጮሁብኝ ነበር፤ አራት ሆነን ስንወጣ ቀለለ። አሁን መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው እናት "በርቱ ልጆቼ" ይሉናል። ቁልቁለቱን ግን ለጀማሪ አታሳዪያት! መመለሻው ዳገት ነው። በመጀመሪያ ቀኗ ሳይክል እየገፋች የተመለሰች ልጅ ሁለተኛ አትመጣም። አዘዞ ሜዳው ላይ ጀምሩ። ነጠላ ቤት ይቅር፣ የሳይክሉ ካቴና ውስጥ ይገባል። አጠር ያለ ቀሚስ ከታይት በላይ ይበቃል። ሱሪ ከሆነ የቀኙን እግር በላስቲክ እሰሩት፤ ካቴናው በዚያ በኩል ነው።

ነርሷ፦ ማህፀን ዳሌ አጥንት ውስጥ ነው ያለው፤ ኮርቻ አይደርስበትም። የሚያመው መቀመጫ ነው፣ እሱም በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። "ማህፀን ይጎዳል" ከሚለው ጀርባ ያለው ፍርሃት ብዙ ጊዜ የድንግልና ነው። ያ ስስ ሽፋን በስፖርትም ሊለጠጥ ይችላል፤ ስለ ሴት ልጅ ክብር ምንም አይመሰክርም። እናትየዋን አትከራከሪያቸው፤ ቡና ጠጪና በእርጋታ አስረጃቸው።

ስፖርት አስተማሪው፦ ስልክሽ ላይ የሴቶች ውድድር አሳያቸው። ሐምሌ 2017 ላይ የሞሪሸሷ ኪምበርሊ ለ ኩር በሴቶች ቱር ደ ፍራንስ፣ በታላቁ የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር፣ የመሪዋን ቢጫ ማሊያ ለብሳለች። መስከረም 2018 ደግሞ የጎዳና ሳይክል የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ የሩዋንዳዋ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። መንገዱ ዳገት በዳገት ነው፤ ጎንደርን ይመስላል።

የማራኪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እሁድ ሞከርን። የግራው ፔዳል እውነትም በተቃራኒው ነው። መውደቅ የምታፍረው ልጅ አምስት ሜትር ያህል እግሯን አንስታ ሄደችና እልል አለች። ከዚያ መቆም አቅቷት አጥር ጋ ደረሰች፤ ደህና ናት። ፍሬን መቼ ላስተምራት?

ሳይክል ጠጋኙ፦ አሁኑኑ፣ ሳትቀመጥ። ሳይክሉን ከጎኗ እየገፋች ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ፣ ቀስ አድርጋ ትጨብጥ። የፊቱን ብቻ በድንገት ከያዘች ትገለበጣለች። እጇ እስኪለምደው ሃያ ጊዜም ቢሆን ታድርገው።