ድርጅታችን ሠርተው የሚያድሩ ልጆችን ሊረዳ ነው፤ ዘንድሮም ቦርሳ እንግዛ ወይ?

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ባለቤቱ በየዓመቱ ለበጎ አድራጎት ብር ይመድባሉ። አምና 60 ቦርሳ ከነደብተሩ ገዛን። ልጆችን ከጉልበት ሥራ አውጥቶ ትምህርት ቤት ለሚያስገባ ማኅበር ሰጠን። ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጧት ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ቆሮሶ የሚበልትልኝ ልጅ ቀና ሲል አወቅሁት። ቦርሳውን በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ጣቶቹ በዓሣ እሾህ ተወጋግተው አብጠዋል። ቅርፊቱ ፀጉሩ ላይ ሳይቀር ተለጣጥፏል። «ትምህርትስ?» አልኩት። «ትቻለሁ» አለኝ። ቦርሳውን እናቱ ሸጣዋለች፤ የቤት ኪራይ ጎድሎባት። እንደ ተራ ነገር ነው የነገረኝ። ዓሣውን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ መብላት ግን አቃተኝ።

እናቱን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ልጁ በቀን መቶም ይሁን መቶ ሃምሳ ብር ይዞላት ይገባል። እኛ ቦርሳ ሰጠን። ያን ብር ማን ይተካላት? ባለቤቱ ዘንድሮም «ቦርሳ ግዙ» ብለዋል። ሰኞ ስብሰባ አለን። ምን ብዬ ላቅርብ?

የአዴት ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ መናኸሪያ አካባቢ ሊስትሮ ነበርኩ። አሁን አስተማሪ ነኝ። ቦርሳ ሁለቴ ተሰጥቶኛል፤ ሁለቱም ብዙ አልቆዩም። ያወጣችኝ አንዲት የማኅበር ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ሳጥኔ አጠገብ ትቀመጣለች። ደብተሬን ታያለች። የቀረሁ ቀን የተከራየሁበት ድረስ ትመጣለች። አንዴ አከራዬን ለምና አንድ ወር አስታግሣልኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። በኋላ ማኅበሩ ደመወዟን መክፈል ስላቃተው ሄደች። ከኔ በኋላ የመጡት ልጆች እሷን አላገኙም። ድርጅቶች ደብተር ይገዛሉ፣ ለእንደዚህች ያለች ሴት ደመወዝ ግን «የአስተዳደር ወጪ ነው» ብለው አይሰጡም። እባክሽ ሰኞ ይህን ንገሪልኝ።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦
ከላይ የተባለው እውነት ነው። በእኛ ሥራ የሚያዋጣው ለእናትየው መነሻ ብር መስጠት ነው። እንጀራ ጋግራ ትሸጥ፣ ጉሊት ትያዝ፣ እሷው ትምረጥ። ንግዱ በእግሩ እስኪቆም ወራት ይፈጃል፤ በዚህ መሀል ልጁ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ የአንድ ቀን ስጦታ ሳይሆን የሁለት ዓመት ቃል ስጡ፣ በየሩብ ዓመቱ የሚከፈል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚበልተው ልጅ ግን ውል የለው፣ ቀጣሪዬ የሚለው ሰው የለው። ተቆጣጣሪ ቢመጣ ማንን ይጠይቃል? ሴቶቹንም አደራ። ሰው ቤት ያለችው «የዘመድ ልጅ ናት» ትባላለች፣ መንገድ ላይ ስለማትታይ ማንም አይቆጥራትም። በገጠር ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ከተማ የገቡም አሉ።

ልጠይቅሽ፣ ድርጅታችሁ ምንድን ነው የሚሠራው?

ግብር አዋቂ፦
ባለቤቱን ለማሳመን ይጠቅምሽ ይሆናል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ብር በወጪነት ተይዞ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ይቀነሳል፤ ጣሪያው የዚሁ ገቢ 10 በመቶ ነው። ማኅበሩ በሕግ የተመዘገበ ይሁን፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። አዋጁ ቦርሳ ነው ደመወዝ ነው ብሎ አይለይም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድርጅታችሁ ምን ይሠራል ላልሽኝ፣ ሆቴል ነው። ጥያቄሽን እንዳነበብኩ ወጥ ቤት ወረድኩ። ዓሣችን ተፀድቶ፣ አጥንቱ ወጥቶለት ነው የሚመጣው። ከየት እንደሆነ ጠየቅሁ። ከዚያው ከሐይቁ ዳር ነው። በየቀኑ ደረሰኙን የምመዘግበው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ማን በለተው ብዬ አላውቅም።

ሰኞ ሦስት ነገር ይዤ እገባለሁ። የቦርሳው ብር ለአንዲት ክትትል ሠራተኛ ደመወዝና ለእናቶች መነሻ ይዋል፣ ለሁለት ዓመት። ዓሣ አቅራቢያችን በአዋቂዎች ለማስበለት የሚበቃ ዋጋ ይከፈለው፣ ልጅ ማሠራት እንደማይችልም ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህ ግን ልጆቹን ባዶ እጃቸውን እንዳያስቀራቸው ከማኅበሩ ጋር ተነጋግረን፣ እናቶቹ ንግድ ከጀመሩ በኋላ ይሁን። ሦስተኛው፣ የልጆቹ ፎቶ ይቅር።

ነገ ጧት ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። የልጁን እናት ቤት እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።