ትሪገርፊሽ በሚኖርበት የጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ አልጌን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

ጥያቄ፣ ከሻርጃ

ጤና ይስጥልኝ። 450 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ ካቋቋምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። በውስጡ የሚኖረው አንድ ዓሣ ብቻ ነው፤ እሱም የቀይ ባሕር ፒካሶ የሚባለው ትሪገርፊሽ ሲሆን፣ ስገዛው 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው አሁን 13 ደርሷል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ድንጋዮቹ በሙሉ ፀጉር በሚመስል አረንጓዴ አልጌ ተሸፍነዋል፤ አሸዋው ላይ ደግሞ በእጅ ሲነኩት እንደ ንፍጥ የሚላቀቅ ቀይ ሽፋን ተነጥፏል። አልጌውን ይበሉልኛል ብዬ 20 ቀንድ አውጣዎችና 10 ትናንሽ ሸርጣኖች ብጨምር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀረልኝ ባዶ ቅርፊት ነው።

የምጠቀመው የቧንቧ ውኃ ሲሆን የክሎሪን ማስወገጃ እጨምርበታለሁ። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። በቀን ሦስት ጊዜ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ እመግበዋለሁ፤ ወደ መስታወቱ መጥቶ ሲለምነኝ መከልከል ያቅተኛል። ውኃውን ስለካው፣ አልጌ ከሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች ናይትሬቱ 60፣ ፎስፌቱ ደግሞ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ሆኖ አገኘሁት። ዓሣውን የሸጠልኝ ሰው አልጌ የሚገድል ፈሳሽ እንድጨምር መክሮኛል። ልጨምር ወይስ ዓሣውን ለሌላ ሰው ልስጥ?

መልስ፣ ከአቡ ዳቢ

ወንድሜ፣ ዓሣዎን አይስጡ፤ ፈሳሹንም አይጨምሩ። ከእነዚህ ፈሳሾች ብዙዎቹ መዳብ ያለባቸው ሲሆኑ፣ መዳብ ድንጋይና አሸዋ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ወደፊት ሌላ ነፍስ ያለው ነገር ለማስገባት ቢያስቡ ይቸገራሉ። መዳብ የሌለበት ቢሆን እንኳን፣ ያ ሁሉ አልጌ በአንድ ጊዜ ሲሞት እዚያው ይበሰብሳል፤ በዚያን ጊዜ የውኃው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አልጌው ይዞት የነበረው ናይትሬትና ፎስፌትም ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አልጌው ከገንዳው መውጣት ያለበት በእጅዎ ነው።

ድንጋዮቹን ተራ በተራ አውጥተው፣ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ባልዲ ውስጥ በጠንካራ ብሩሽ ይፈግፍጓቸው፤ ያንን ውኃ ይድፉት። በንጹሕ የቧንቧ ውኃ ካጠቧቸው በድንጋዩ ላይ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። በአንድ ቀን ሁሉንም ከማውጣት ይልቅ በየሳምንቱ ሲሶውን መሥራት ይሻላል።

ቀጥሎ አልጌው የሚመገበው ነገር ወደሚመጣበት ምንጭ እንሂድ። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ሊኖር ይችላል፤ የክሎሪን ማስወገጃው እነዚህን አያወጣም። ውኃን በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያስገቡና የሚወጣውን ውኃ፣ በውኃ ውስጥ የሟሙ ነገሮችን መጠን በሚያሳይ የቲዲኤስ መለኪያ ይፈትሹት፤ ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ጨው የሚበጠበጠውም ሆነ በትነት የጎደለው የሚሞላው በዚህ ውኃ ነው። ምግቡን በቀን ወደ ሁለት ትንንሽ ጊዜ ይቀንሱ፤ ሽሪምፑን አቅልጠው በወንፊት ካጠለሉ በኋላ ብቻ ይስጡት፤ የሚቀልጠው ውኃ ራሱ ፎስፌት ይዟልና። መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ በቀን ወደ 7 ሰዓት ያውርዱት።

በየሳምንቱ 20 ከመቶውን ውኃ ይቀይሩ። አንድ ጊዜ ሲቀይሩ 60 የነበረው ናይትሬት 48 ይሆናል፤ ምንም ባይጨመርበት በአራት ሳምንት ወደ 25 ይወርዳል። በተግባር ግን ዓሣው በየቀኑ ስለሚጨምርበት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ለ450 ሊትር ከተጻፈለት መጠን ከፍ ያለ ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውኃው የሚያወጣ መሣሪያ) ቢገዙ አይቆጭዎትም፤ ትሪገርፊሽ ብዙ በልቶ ብዙ የሚያወጣ ዓሣ ነው።

መልስ፣ ከሜሪላንድ

ልጄ፣ እኔ ያደግሁት ምፅዋ ነው። ይህን ዓሣ በልጅነቴ ጥልቀት በሌለው የኮራል ዳርቻ ላይ አይቼዋለሁ፤ አሸዋው ላይ በአፉ ውኃ እየተፋ የተቀበረውን ያወጣል፣ የባሕር ጃርትን እንኳን ገልብጦ እሾህ በሌለበት በኩል ይበላዋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣና ሸርጣን ለእሱ ምግቡ ናቸው፤ ለጽዳት ሠራተኛነት ደግመህ አትግዛለት።

ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድጉ የሚሞርዳቸው ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። የተላጠ ሽሪምፕ ብቻ መስጠት ጥሩ አይደለም፤ ቅርፊቱን እንዳለ ስጠው፣ አልፎ አልፎም ክላም የሚባለውን ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ከነቅርፊቱ ጨምርለት፤ የተረፈውን ግን በሰዓቱ አውጣ። ድንጋዮቹን ስታወጣ ስትመልስ ደግሞ አሸዋው ላይ ሳይሆን የገንዳው ወለል ላይ አስቀምጣቸው፤ ከሥር ሲቆፍር ይናዱበታል። ለማዛወር ከፈለግህ መረብ አትጠቀም። ሲደነግጥ ጀርባው ላይ ያለውን እሾህ አቁሞ ይቆልፈዋል፤ መረቡ ውስጥ ከተያዘ ይጎዳል። በላስቲክ ዕቃ ከነውኃው አውጣው። ጓንት አድርግ፤ ንክሻው ቀላል አይደለም።

መልስ፣ ከሐይፋ

ቀዩ ሽፋን አልጌ አይደለም፤ ሳያኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ነው። በአልጌ የሚመገብ ዓሣ አይነካውም። በቀጭን ቱቦ ከአሸዋው ላይ እየሳቡ ከሚቀይሩት ውኃ ጋር ያውጡት፤ የሞገድ ሞተሩንም ውኃ ወደማይንቀሳቀስበት ጥግ ያዙሩት። አረንጓዴውን የሚበላ ጓደኛ ከፈለጉ፣ የቀይ ባሕር ሴይልፊን ታንግ የሚባለው አልጌ በል ዓሣ ከትሪገርፊሽ ጋር መኖር ይችላል።

መልስ፣ ከአቡ ዳቢ

እህቴ ስለ ቀዩ ሽፋን በተናገሩት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ስለ ታንጉ ግን አልስማማም። ያ ዓሣ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ነው፤ 450 ሊትር ይጠብበታል። ፒካሶውም ገንዳውን የራሱ ካደረገ በኋላ አዲስ የሚገባን ዓሣ ያሳድዳል። ገና ከመጀመሪያው ትልቅ ገንዳ ቢሆንና ትሪገርፊሹ በመጨረሻ ቢገባ ኖሮ ምክሩ ትክክል ነበር።

ጠያቂው፣ ከአሥር ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼን። የነገራችሁኝን በሙሉ አድርጌአለሁ። ናይትሬቱ 20 ደርሷል፤ ቀዩ ሽፋን ጠፍቷል፤ ድንጋዮቹ ላይ የቀረው አጭር ምንጣፍ የሚመስል አልጌ ነው። ፎስፌቱ ግን 0.12 ከደረሰ በኋላ ውኃ በቀየርኩ በሁለተኛው ቀን እንደገና 0.2 ይሆናል። ምግብ አልጨመርኩም። ከየት ነው የሚመጣው?

መልስ፣ ከአቡ ዳቢ

ከድንጋዩ ነው። ለወራት ፎስፌት የጠጣ ድንጋይ፣ በውኃው ውስጥ ያለው ፎስፌት ሲቀንስ የያዘውን ቀስ በቀስ ይለቃል። ፎስፌት የሚይዘውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ከተጻፈው መጠን በግማሽ ጀምረው በማጣሪያው ውስጥ ያስገቡ፤ ንባቡ መውረዱን ሲያቆም ይቀይሩት። ናይትሬቱን ከ5 እስከ 20፣ ፎስፌቱን ከ0.03 እስከ 0.1 ባለው መካከል ያቆዩት። ሁለቱንም ዜሮ ለማድረስ አይሞክሩ፤ በዚያን ጊዜ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ዝልግልግ ሊነሳ ይችላል፤ እሱን ማጥፋት ከአረንጓዴው አልጌ ይልቅ እጅግ ይከብዳል።