የእህቴ የጡት ካንሰር፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን እንዳይጓደልባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። እህቴ 43 ዓመቷ ነው። ደረጃ 2 የጡት ካንሰር ተብላ ጎንደር ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አሁን በየ21 ቀኑ ኬሞ እየወሰደች ወደ ዳባት ትመለሳለች። የመዳን ዕድሏ እንዲሰፋ ቤተሰቡ ምን ያድርግ? የናሙና ውጤቷ ላይ ስለ ሆርሞን የተጻፈ ነገር የለም።

መልስ (ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙና የሚመረመርበት ክፍል የሚሠራ)፦ መጀመሪያ ይህንኑ ጨርሱ። ዕጢው ሆርሞን ተቀባይ (በሆርሞን የሚያድግ) መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ ታሞክሲፊን (ይህን የሆርሞን ሥራ የሚያግድ ክኒን) ይጠቅማታል አይጠቅማትም ማለት አይቻልም። ከዕጢዋ የተወሰደው ናሙና በሰም ተደርጎ፣ ብሎክ ሆኖ ይቀመጣል። የናሙና ቁጥሯን ይዛችሁ ምርመራው ከተሠራበት ክፍል ብሎኩንና የውጤቱን ኮፒ ጠይቁ፤ እዚያው የማይሠራ ከሆነ አዲስ አበባ ይላካል። ሰም ስለሆነ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት። ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ «ኮንትሮሉ (ምርመራው በትክክል መሥራቱ የሚታይበት ማነጻጸሪያ) ሠርቷል ወይ?» በሉ። ናሙናው ፎርማሊን (እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ) ውስጥ ሳይገባ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ መስሎ ሊወጣ ይችላል።

መልስ (የኦንኮሎጂ ነርስ)፦ እኔን የሚያሳስበኝ ከሕክምናዋ ቦታ ርቃ ዳባት መቆየቷ ነው። ኬሞ ከወሰደች ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሴሏ በጣም ይወርዳል። ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዷት፤ በር ላይ «ኬሞ ላይ ናት» በሉ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማሳደር ትኩሳቱን ይሸፍናል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ውስጡን ይሠራል፤ ብዙ ሰው የምናጣው በዚህ ነው። የደም ቆጠራዋን ከቀጠሮው 1 ወይም 2 ቀን ቀድማ ትስጥ። ሴሉ አንሶ ከተገኘ ስልክ ደውላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ መንገዱ ከንቱ አይሆንም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ለጊዜው ይቅር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጠበል ልንወስዳት አስበን ነበር። ጾምም አለባት።

መልስ (ነርሷ)፦ ጠበሉን አትከልክሏት፤ ቀጠሮዋ ግን አይለፍ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ባሉት ቀናት ግፊያ ያለበት ቦታም አትግባ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ያማክሩ፣ ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ። ከጾመችም ሽሮና ምስሩ አይቀነስባት።

መልስ (ፋርማሲስት)፦ ታሞክሲፊን ከታዘዘላት ኬሞው ካለቀ በኋላ ነው የሚጀመረው፤ ብዙ ጊዜ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ቢያንስ 5 ዓመት። «ድኛለሁ» ብሎ በ2ኛው ዓመት ማቆም በሽታው እንዲመለስ በር ይከፍታል። 2 ሳምንት የሚበቃ ሲቀራት ቀጣዩን ግዙ። ለድብርት ፍሉኦክሰቲን የምትወስድ ከሆነ የታሞክሲፊኑን ሥራ ስለሚያዳክም ለሐኪሟ ትንገር፣ በሌላ ይቀየርላታል። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ ወይም ከማሕፀኗ ያልተለመደ ደም ከፈሰሰ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።